ከመብራት መጥፋት በኋላ ዋየርጋርድ አልገናኝ አለ፤ ኤስኤስኤች ግን ይሠራል

ሐረጎ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ላይ ዋና መደብር፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ የሚመራው ቅርንጫፍ ያለው የግንባታ ዕቃ ንግድ አለን። የቆርቆሮው፣ የምስማሩና የሲሚንቶው መዝገብ ለሁለቱም ቤት አንድ በመሆኑ፣ የምንጠቀምባቸው መስመሮች ደግሞ ከውጭ የሚደረስባቸው የራሳቸው አድራሻ ስለሌላቸው፣ አንድ አነስተኛ ሰርቨር ተከራይቼ መገናኛ አድርጌዋለሁ። ሦስቱንም ማሽኖች ያያያዝኳቸው በኢንተርኔት ላይ «ታነል» የሚባል የተመሰጠረ የግል መስመር በሚዘረጋው በዋየርጋርድ ሲሆን፣ ሰርቨሩ ዴቢያን 12፣ የኮምቦልቻው ኮምፒውተር ኡቡንቱ 24.04 ነው። ላለፈው አንድ ዓመት አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

ትናንት ሰኞ ኮምቦልቻ መብራት ጠፍቶ ከሰዓታት በኋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የደሴው እንደ ወትሮው ሲሠራ የኮምቦልቻው ግን ጨርሶ አልገናኝ ብሏል። ወንድሜ «ደብሊውጂ ሾው» የሚለውን ትዕዛዝ ጽፎ ውጤቱን በስልክ ሲያነብልኝ፣ የመጨረሻውን ሃንድሼክ (ሁለቱ ማሽኖች ግንኙነት የሚጀምሩበትን ልውውጥ) የሚያሳየው መስመር ጭራሽ የለም፤ የተላከው መጠን እየጨመረ ይሄዳል፣ የደረሰው ግን ዜሮ ባይት ነው። ታነሉን ሲያወርደው ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ከሩቅ ሆኖ በምስጠራ ወደ ሌላ ማሽን በሚያስገባው በኤስኤስኤችም ወደ ሰርቨሩ ያለ ችግር ይገባል። ታነሉን መልሶ ሲያነሳው ሁሉም ነገር ይቆማል። ኮንፊጉን (የቅንብር ፋይሉን) ማንም አልነካውም። ማሽኑ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል ብዬ ስለሰጋሁ ከትናንት ወዲህ እንዳያጠፋው ነግሬዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ከዚህ ጋር ይያያዝ አይያያዝ አላውቅም። ታነሉ ወርዶ ኢንተርኔቱ በሚሠራበት ጊዜ እንኳ ብራውዘሩ የሚከፍተውን ገጽ ሁሉ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» እያለ ያስጠነቅቃል። ቫይረስ ይሆን? ወንድሜ ሽያጩን በወረቀት እየመዘገበ ነው፤ ዛሬ አንዱን 40 ቆርቆሮ እኔም እሱም ለየደንበኞቻችን ሸጠን ተገኘን።

ቦርከና፣ ከምሽቱ 2፡05

አብሽር ወንድሜ፣ መፍትሔ አይጠፋለትም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይል ይበላሻል፤ እኔ የምጠረጥረው የቁልፉን ፋይል ነው። እርስዎ ደሴ ላይ አዲስ ጥንድ ቁልፍ ያመንጩና የግል ቁልፉን በቴሌግራም ለወንድምዎ ይላኩለት፤ እሱ በኮንፊጉ ውስጥ ይተካው፣ እርስዎ ደግሞ ይፋዊውን ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ ይቀይሩ። የብራውዘሩን ማስጠንቀቂያ ለጊዜው «ቀጥል» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ሐይቅ ዳር፣ ከምሽቱ 2፡30

ቦርከና በቅንነት እንደጻፉት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱንም ምክሮች ማንም እንዳይከተላቸው አጥብቄ እለምናለሁ። የግል ቁልፍ ከተፈጠረበት ማሽን የማይወጣ ነገር ነው። አዲስ ቁልፍ የሚያስፈልግ ከሆነ ወንድማችን እዚያው ኮምቦልቻ «ደብሊውጂ ጄንኪ» በሚለው ትዕዛዝ ያመንጨው፣ ፋይሉን ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበው ፈቃዱን 600 ያድርገው፣ ከዚያም ይፋዊውን ቁልፍ ብቻ በስልክም ሆነ በቴሌግራም ይላክ፤ እሱን መንገደኛ ቢያየው ጉዳት የለውም። በቴሌግራም ያለፈ የግል ቁልፍ ግን በሁለት ስልኮችና በማናውቃቸው ቋቶች ውስጥ ቅጂው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያ ታነል ማን እንደሚገባበት እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚችል የለም።

«ቀጥል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ገጾች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስጠነቅቁ ከሆነ አንድ የጋራ ምክንያት አለ ማለት ነውና፣ ያንን ምክንያት ሳናውቅ ማስጠንቀቂያውን ማለፍ ተገቢ አይደለም። ደግሞም የተበላሸ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ ታነሉ ሲነሳ ስህተት ጽፎ ያቆም ነበር፤ ዋየርጋርድ ቁልፉን ለማንበብ ካልቻለ ኢንተርፌሱን አያነሳውም።

ላኮመልዛ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሐረጎ፣ ቁልፍም ሆነ ፋየርዎል ከመንካትዎ በፊት ፓኬቱ (የሚላከው የመረጃ ጥቅል) እስከ የት እንደሚደርስ እንወቅ። ሰርቨሩ ላይ በኤስኤስኤች ገብተው፣ የሚያልፉ ፓኬቶችን በሚያሳየው በ«ቲሲፒደምፕ» ዋየርጋርድ በተለምዶ በሚጠቀምበት በዩዲፒ ፖርት 51820 የሚገባውንና የሚወጣውን ይመልከቱ፤ ፖርቱን ቀይረው ከሆነ የራስዎን ቁጥር ይጻፉ። ወንድምዎ ታነሉን ያንሳ። የዋየርጋርድ የሃንድሼክ መጠየቂያ ሁልጊዜ 148 ባይት ነው፤ ሰርቨሩ ሲቀበለው የሚመልሰው ደግሞ 92 ባይት ነው። መጠየቂያው መልስ ካጣ በየ5 ሰከንዱ ገደማ ይደገማል። ስለዚህ የሚፈልጉት 148 የሚል መስመር ነው፤ ከኋላው 92 መከተል አለመከተሉን ልብ ይበሉ። ከደሴው ማሽን የሚመጣው ትራፊክ እንዳያደናግርዎ በኮምቦልቻው መስመር አድራሻ ያጣሩት።

ሐረጎ፣ ሰኔ 11 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20

ማታውኑ ሞከርኩት። ከኮምቦልቻ የሚመጣው 148 ባይት በየ5 ሰከንዱ ሰርቨሩ ላይ ይደርሳል። 92 አንድም ጊዜ አልታየም። ሰርቨሩ ሰምቶ ዝም እንዳለ ሰው ሆነብኝ። የሁለቱንም ወገን ይፋዊ ቁልፍ ፊደል በፊደል አመሳከርን፤ ልክ ነው።

ላኮመልዛ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እንግዲያው መስመሩ ከጥርጣሬ ወጥቷል፤ የደሴው በዚያው ሰርቨር ስለሚሠራ ፋየርዎሉንም አልጠረጥረውም። ሰርቨሩ ዝም ያለው አስቦበት ነው፤ ዋየርጋርድ ያላረጋገጠውን ፓኬት ስህተት ነህ እንኳ ሳይለው ይጥለዋል፤ ፖርት የሚቃኝ እንግዳ ሰርቨሩ መኖሩን እንዳያውቅ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ቁልፉ ልክ ከሆነ ደግሞ እንዲጥለው የሚያደርገው አንድ የታወቀ ምክንያት አለ።

ወንድምዎ «ታይምዴትሲቲኤል» የሚለውን ትዕዛዝ ጽፎ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አንድም ቃል ሳያስቀር ያንብብልዎት። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን ሁሉ እንዳየው ይንገርዎት፤ «ልክ ነው» በሚል መልስ ብቻ እንዳይታለፍ አደራ።

ሐረጎ፣ ከቀኑ 10፡30

አሁን ደውዬ አስነበብኩት። «ጁን 11 ቀን 2017፣ ሰዓት 10፡22» ይላል። ከታች ደግሞ የሰዓት ማስተካከያ አገልግሎቱ እንደቆመ የሚገልጽ ቃል አለ። እኔም «2017» ሲለኝ ምንም አልመሰለኝም ነበር፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆች እንደሆነ ትዝ ያለኝ። በእነሱ አቆጣጠር ዛሬ ጁን 18 ቀን 2025 ነው፣ ሰዓቱም 16፡22 መሆን ነበረበት።

መልሼ ስጠይቀው ታሪኩ ይህ ነው። ሰኞ መብራት ሲመጣ ራውተሩ ገና አልተነሳም ነበር፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ጠዋት መብራት በጠፋበት ሰዓት ላይ ቆሞ አገኘው። ደረሰኝ ላይ የተሳሳተ ሰዓት እንዳይታተም ብሎ፣ ራሱ የሚያስተካክለውን ማብሪያ አጥፍቶ ቀኑን በእጁ አስገባ፤ ያስገባውም የእኛን ቀን፣ የእኛን ዓመትና የእኛን ሰዓት ነው። የሠራው በኃላፊነት ስሜት ስለሆነ ልወቅሰው አልቻልኩም። ነገር ግን ሰዓት ከምስጠራ ጋር ምን ያገናኘዋል? ኤስኤስኤች በዚያው ሰዓት ይሠራ የለም?

ላኮመልዛ፣ ከምሽቱ 1፡10

ወንድምዎን አይውቀሱት። «2017» የሚለው ቁጥር ለማናችንም ዓይን ትክክል ነው፤ ስህተቱ የተደበቀው ትክክል በመምሰሉ ነው።

ለጥያቄዎ በቅጡ ልመልስ። የዋየርጋርድ ግንኙነት የሚጀመረው በአንድ መጠየቂያና በአንድ መልስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፓኬት ሲደርስ ሰርቨሩ ከላኪው ጋር ገና ምንም አልተነጋገረም፤ ስለዚህ አንድ አድፋጭ ትናንት መንገድ ላይ የቀዳውን እውነተኛ መጠየቂያ ዛሬ መልሶ ቢልከው ሰርቨሩ እንዴት ይለየዋል? ዋየርጋርድን የነደፈው ጄሰን ዶነንፌልድ ለዚህ ያበጀው መልስ በመጠየቂያው ውስጥ የተመሰጠረ የጊዜ ማኅተም ማስገባት ነበር። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ተገናኝ ማሽን እስከ ዛሬ ያየውን ትልቁን ማኅተም በማህደረ ትውስታው ይይዛል፤ ከዚያ ጋር እኩል የሆነ ወይም የቀደመ ማኅተም ይዞ የመጣን ፓኬት አሮጌ ቅጂ ነው ብሎ ይጥለዋል። የእርስዎ ሰርቨር ሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ በ2025 የታተመ ማኅተም ተቀብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ የመጣለት ግን ከዚያ በ8 ዓመት የሚቀድም ነው። ሰርቨሩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው፤ ከአድፋጭ ጠበቃችሁ።

ልብ ማለት የሚገባው፣ ዓመቱ ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ቢገባ እንኳ ታነሉ እስከ 6 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይዘጋ ነበር፤ ከዚያም የኋሊት የነበረው ሰዓት ያለፈውን ማኅተም ሲያልፈው በራሱ ይከፈት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ «ጠዋት አልሠራ ብሎ ማታ በራሱ ተስተካከለ» የሚባለው ብልሽት ብዙ ሰው በመስመሩ ያሳብባል።

ኤስኤስኤች ሌላ ባሕርይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን የይለፍ ቃሎች ከዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ሲጠለፉ አይቶ ከሠራው ጊዜ ጀምሮ፣ ሁለቱ ወገኖች በየግንኙነቱ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ የትናንት ቅጂ ለዛሬው ቁጥር አይመልስም፣ ስለዚህ ሰዓት አያስፈልገውም። ብራውዘሩ ግን ሰዓት ያስፈልገዋል፤ የየድረ ገጹ ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው፣ በ2017 ለሚኖር ኮምፒውተር ሁሉም ገና ያልተሰጡ ሰርተፍኬቶች ናቸው። የቫይረሱ ነገር እሱ ነው። ወንድምዎ ዛሬ የፓኬጅ ዝርዝር ለማደስ ቢሞክርም ፋይሉ ገና አልጸናም የሚል መልስ ያገኛል።

ሐይቅ ዳር፣ ከምሽቱ 1፡35

አሁን «ቀጥል» ቢባል ኖሮ የሚደርሰውን አስቡት፤ ትክክለኛው ፍንጭ በዚያች ማስጠንቀቂያ ውስጥ ነበር።

ማስተካከያው በቅደም ተከተል ካልተደረገ አይሳካምና ልጨምርበት። የሐረጎ ኮንፊግ የተፈቀዱ አድራሻዎች በሚለው መስመር 0.0.0.0/0 (ሁሉም ትራፊክ በታነሉ ይሂድ ማለት ነው) የያዘ ይመስለኛል፤ ታነሉ ሲነሳ ሁሉም ነገር ይቆማል ያሉት ለዚህ ነው። በዚህ ሁኔታ ሰዓት የሚጠይቀው፣ በዩዲፒ ፖርት 123 የሚወጣው ጥያቄም ወደተዘጋው ታነል ይገባል፤ ታነሉ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ሰዓቱም ታነሉን። ስለዚህ አስቀድሞ በ«ደብሊውጂ ኩዊክ ዳውን» ታነሉ ይውረድ። ከዚያ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት ኤንቲፒ ትሩ» ይባልና፣ ሰዓቱ መጣጣሙን የሚናገረው መስመር «የስ» እስኪል ይጠበቅ። የሰዓት ክልሉም አፍሪካ አዲስ አበባ መሆኑ ይታይ። ታነሉ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐረጎ፣ ከምሽቱ 2፡20

ተገናኘ! ወንድሜ ከሱቅ ወጥቶ ስለነበር ተመልሶ እንዲከፍት አድርጌ፣ በተባለው ቅደም ተከተል አሠራሁት። ሰዓቱ ተጣጥሞ ታነሉን ባነሳበት ቅጽበት ሰርቨሩ ላይ 148፣ ወዲያው 92 ተከታትለው አየሁ። ነገ በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ማሽኑን ቀጥ አድርጌ ላስተካክለው አስቤያለሁ፤ እዚያ ስደርስ ምን ምን ላድርግ?

ቦርከና፣ ከምሽቱ 2፡45

እንኳን ደስ አለዎት። የግል ቁልፉን በሚመለከት የሰጠሁት ምክር ስህተት ነበር፤ ሐይቅ ዳርን አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ኤስኤስኤች ሰዓት የማይፈልግ ከሆነ፣ መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ ዋየርጋርዱን ትቶ መዝገቡን በኤስኤስኤች ታነል ማሳለፍ አይሻልም?

ላኮመልዛ፣ ከምሽቱ 3፡05

ለአንድ ፖርት ብቻ ከሆነ ይሠራል፤ እኔም እንደ መጠባበቂያ እንዲኖር እመክራለሁ። እንደ ዋና መንገድ ግን አልመርጠውም። ኤስኤስኤች በቲሲፒ፣ ማለትም ከሁለቱ ወገን አድራሻ ጋር በሚታሰር የግንኙነት ዓይነት ላይ የሚሄድ ስለሆነ የሞባይል መስመሩ አድራሻ በተቀየረ ቁጥር ግንኙነቱ ይሞታል፣ ተርሚናሉም ደርቆ ይቀራል። (የደረቀ ተርሚናል ላጋጠመው፣ ኢንተር ተጭኖ ቲልዴ (~)፣ ቀጥሎ ነጥብ መጫን ይለቀዋል።) ሰርቨሩ መኖሩ በየስንት ሰከንዱ እንደሚጠየቅ የሚወስነውን፣ ሰርቨር አላይቭ ኢንተርቫል የሚባለውን በኤስኤስኤች ኮንፊግ ውስጥ 30 ቢያደርጉት፣ ካልተቀየረው የ3 ሙከራ ልማድ ጋር ተደምሮ በ90 ሰከንድ ገደማ መሞቱን ያውቃል፤ መልሶ የሚያገናኘው ግን ሌላ ነገር ነው። ዋየርጋርድ አድራሻው ቢቀየርም ያለምንም ጥያቄ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ጀምሮ፣ ከሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) 5.6 አንሥቶ በከርነሉ ውስጥ ስለሚገኝም ተጨማሪ የሚበላሽ ፕሮግራም የለውም። ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚለውን በኮምቦልቻው ወገን 25 ሰከንድ ማድረግ ደግሞ መስመሩ ሥራ ሲፈታ እንዳይዘጋ ይጠብቀዋል።

ሐረጎ፣ ነገ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከሁሉ በፊት የእናት ሰሌዳውን ባትሪ ይቀይሩ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚቆጥረው ያ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው፤ ቁጥሩ ሲአር 2032 ነው። ሰዓት ሠሪዎች ዘንድ ስለሚገኝ ሳይወርዱ ደሴ ፒያሳ ይግዙት። ሰዓቱ ጠዋት ላይ ቆሞ መገኘቱ ባትሪው ማለቁን ይናገራል፤ ጠዋት ላይ እንጂ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ያልቆመውም የኡቡንቱ ሰዓት አስተካካይ መጨረሻ ያወቀውን ጊዜ በዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ነው። ማንም ባይነካው ኖሮ ራውተሩ ሲነሳ በራሱ ይድን ነበር።

ሐይቅ ዳር፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሐረጎ፣ ወደ ኮምቦልቻ ከመውረድዎ በፊት ይህን ቢያነቡ። የተፈቀዱትን አድራሻዎች ወደ ታነሉ ኔትወርክ ብቻ፣ ለምሳሌ 10.8.0.0/24 ከሆነ ወደዚያ ያጥብቡት። መዝገቡ ብቻ በታነሉ ይሂድ፤ ሰዓቱ፣ ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው) እና ሌላው ሁሉ በራሱ መንገድ ይሂድ። የዳታ ወጪም ይቀንሳል።

ላኮመልዛ፣ ከጠዋቱ 1፡50

እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሱቅ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የማን እንደሆነ በማይታወቅ ዋይፋይ የሚሠራበት ቀን ካለ፣ ሁሉንም በታነሉ ማሳለፍ ዋጋ አለው። ሐረጎ እንደዚያ ከፈለጉ 0.0.0.0/0 ይቆይ፤ ነገር ግን ታነሉ ሰዓቱ ሳይጣጣም እንዳይነሳ ያድርጉ። ይኸውም «ሲስተምዲ ታይም ዌት ሲንክ» የሚባለውን አገልግሎት ማስቻልና፣ የደብሊውጂ ኩዊክ አገልግሎት ከታይም ሲንክ ታርጌት በኋላ እንዲነሳ «አፍተር» እና «ዋንትስ» የሚሉ ሁለት መስመሮች በማሟያ ፋይሉ ላይ መጨመር ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ከደሴ ሆነው የኮምቦልቻውን ኮንፊግ በታነሉ ውስጥ አይቀይሩ፤ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ መቁረጥ ይሆናል። የግድ ከሆነ አስቀድመው በ5 ደቂቃ ውስጥ አሮጌውን ኮንፊግ የሚመልስ ትዕዛዝ በ«ሲስተምዲ ራን» ያስቀምጡ፤ ሁሉም ከሰመረ ይሰርዙታል።

ሐይቅ ዳር፣ ከጠዋቱ 2፡10

የሰው ዋይፋይ የሚጠቀሙ ከሆነ ሐሳቤን አነሳለሁ። ሌላ የረሳነው፤ ሰዓቱ ወደኋላ ብቻ ሳይሆን ወደፊትም ሊሳሳት ይችላል፣ ያኛው ደግሞ ይከፋል። አንድ ቀን ያገዝኩት ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ በስህተት የወደፊት ዓመት ገብቶ ታነሉ ያለ ችግር ሲሠራ ዋለ፤ ሰዓቱን ባስተካከልነው ጊዜ ተዘጋ። ሰርቨሩ የወደፊቱን ማኅተም ይዞ ስለነበር ትክክለኛውን ሰዓት አሮጌ ብሎ መጣል ጀመረ። መድኃኒቱ ሰርቨሩ ላይ ያንን ተገናኝ ማስወገድና መልሶ ማስገባት ነው፤ ማኅተሙ የሚኖረው በማህደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ በመሆኑ አብሮ ይጠፋል።

ሐረጎ፣ ሰኔ 13 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡30

ትናንት ውዬ መጣሁ። ባትሪውን ስንለካው 1 ቮልት እንኳ አልነበረውም። ወንድሜ አንዳንድ ቀን የጎረቤት ዋይፋይ ስለሚጠቀም 0.0.0.0/0 እንዲቆይ መርጬ፣ ታነሉ ሰዓቱን እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ። ራሱ የሚያስተካክለው ማብሪያም በርቷል። ደረሰኙ ላይ የእኛ ቀን እንዲታተም ወንድሜ የፈለገው ትክክለኛ ነገር ስለሆነ፣ ቀኑን ወደ ዓመተ ምሕረት የሚቀይር አንድ መስመር በደረሰኙ ፕሮግራም ውስጥ ጨመርኩለት፤ ከእንግዲህ የሲስተሙን ሰዓት የሚነካበት ምክንያት የለውም።

ከዚያ የኮምፒውተሩንም የራውተሩንም መሰኪያ ነቅለን ከምሳ በኋላ ድረስ ተውነው። መልሰን ስንሰካ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ተነሣ፣ ታነሉ አልተነሣም፤ ወንድሜ «ይኸው እንደገና» ብሎ ተጨነቀ። ራውተሩ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ከጥቂት ቆይታ በኋላ «ደብሊውጂ ሾው» ስንል የመጨረሻው ሃንድሼክ ከ9 ሰከንድ በፊት መሆኑን አነበብን። የ40ውን ቆርቆሮ ነገር ደንበኛው ይሁን ብሎ እስከ ቅዳሜ ታግሶናል።